የኮንክሪት ገጽ ጉዳትን በባለ ሦስት አውታረ መጠን ቅኝት በቁጠባ መለየት፦ አሞራ ገደልን መነሻ ያደረገ የዘዴ ጥናት

ማጠቃለያ

የኮንክሪት መዋቅር ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው በገጹ ላይ ነው። ሌዘር ስካነርና የፎቶግራፍ ልኬት ይህን ገጽ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ሊመዘግቡት ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ የመረጃው ብዛት ራሱ ችግር ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አካል የሆነውን አሞራ ገደልን መነሻ በማድረግ፣ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ሊሠራ የሚችል ባለ ሁለት ደረጃ የማጣሪያ ዘዴ ያቀርባል። በመጀመሪያው ደረጃ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ በሁለተኛው ደረጃ ብርቱ ስሌት የሚደረገው በተጠረጠሩት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ዘዴው ምን ሊያይ እንደሚችልና ምን ሊያመልጠው እንደሚችል በቁጥር ተመልክቷል። በጽሑፉ ውስጥ የግድግዳ ስፋትና የጉዳት መጠን ተብለው የተጠቀሱት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ እንጂ የመስክ ልኬት ውጤቶች አይደሉም።

1. መግቢያ

አሞራ ገደል በሐዋሳ ከተማ ከታቦር ተራራ አጠገብ፣ በሐይቁ ዳር የሚገኝ የዓሣ ማውረጃና መሸጫ ስፍራ ነው። ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን የሚያወርዱት፣ ነጋዴዎች የሚረከቡት፣ ጎብኚዎችም አባ ኮዳዎችን ለማየት የሚሰበሰቡት እዚሁ ነው። እንዲህ ባለ የሐይቅ ዳር ስፍራ የሚሠራ ኮንክሪት ግድግዳም ሆነ ደረጃ፣ ወለልም ሆነ የጀልባ መጠጊያ፣ ብዙ ሰው በየዕለቱ የሚቆምበትና የሚራመድበት ነው። ከደረጃ ጠርዝ ላይ የሚላቀቅ አንድ ቅርፊት በምህንድስና ዓይን ትንሽ ጉዳት ቢመስልም፣ እርጥብ ዓሣ ተሸክሞ ለሚወርድ ሰው ግን አደጋ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ዋና ገባሩ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲሆን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በመሆኑም የሐይቁ ወለል ከዝናቡና ከትነቱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ከፍ እያለ በመምጣቱም ከተማዋን ለመጠበቅ በዳርቻው የመከላከያ ግድብ ተሠርቷል። ለኮንክሪት የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው የውሃ ልክ መካከል ያለው የግድግዳ ክፍል በየዓመቱ ይርሳል፣ ይደርቃል።

በአገራችን የባለ ሦስት አውታረ መጠን ቅኝት እንግዳ ነገር አይደለም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል። በቅርስ ላይ የተሠራበት ይህ ዘዴ ለዕለት ተዕለት ኮንክሪት እንዲውል ግን አንድ ሁኔታ መሟላት አለበት፦ ስሌቱ ርካሽ መሆን አለበት።

2. የገጽ ጉዳት ለምን በጊዜ መታወቅ አለበት?

ጤናማ ኮንክሪት በውስጡ ያለውን ፌሮ የሚጠብቀው በአልካላይነቱ ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፒኤች ከ12 በላይ በመሆኑ በፌሮው ላይ ስስ የመከላከያ ሽፋን ይፈጠራል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ፒኤች ከ9 በታች ሲያወርደው መከላከያው ይፈርሳል፤ ይህ ሂደት ካርቦኔሽን ይባላል። ሂደቱ በጣም በደረቀ ወይም በውሃ በተሞላ ኮንክሪት ውስጥ ቀርፋፋ ሲሆን፣ በመካከለኛ እርጥበት ፈጣን ነው። ፌሮው ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ገጹ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይላቀቃል።

ካርቦኔሽን የሚደርስበት ጥልቀት በግምት ከጊዜ ካሬ ሥር ጋር ተመጣጣኝ ነው። ለምሳሌ በ4 ዓመት ውስጥ 5 ሚ.ሜ የሚገባ ከሆነ፣ በ16 ዓመት 10 ሚ.ሜ፣ በ64 ዓመት ደግሞ 20 ሚ.ሜ ይገባል። እንግዲህ የፌሮው ሽፋን 20 ሚ.ሜ ሆኖ የታሰበ፣ ነገር ግን በአሠራር ጉድለት ወይም በመሸርሸር 10 ሚ.ሜ ብቻ የሆነ ግድግዳ ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ከገጹ የጠፋው 10 ሚ.ሜ ኮንክሪት ትልቅ ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መጠን ደግሞ ቅኝት ሊያየው ከሚችለው ወሰን ውስጥ ይወድቃል።

3. ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

በቅኝት መረጃ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ይህ ቦታ ከአካባቢው ገጽ ይለያል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህ ቦታ ካለፈው ቅኝት ወዲህ ተለውጧል ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ጥራት እጅግ ይለያያል፤ ሆኖም በጥናት ዕቅዶች ውስጥ ሲደባለቁ ይታያል።

የሁለተኛውን ጥያቄ ክብደት በቁጥር እንመልከት። የአንዱ ነጥብ የልኬት መዋዠቅ 2 ሚ.ሜ ቢሆንና በሁለቱም ቅኝቶች በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 25 ነጥቦችን ብናማክል፣ የልዩነቱ መዋዠቅ 0.57 ሚ.ሜ ያህል ይሆናል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚለየው ለውጥ እንግዲህ 1.1 ሚ.ሜ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቅኝቶች ሲገጣጠሙ የሚፈጠረው ስሕተት 2 ሚ.ሜ ከሆነ፣ ይህ በማማከል አይጠፋም። ላግ፣ ብሮዱና ለሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የነጥብ ደመናዎች ማነጻጸሪያ ቀመር መሠረት ሁለቱን ደምረን በ1.96 ስናባዛ ወሰኑ ወደ 5 ሚ.ሜ ይደርሳል። ነጥቦችን ማብዛት ይህን አይፈውስም፤ ፈውሱ የማይንቀሳቀስ መነሻ ምልክት ነው። በሐይቅ ደለል ላይ የቆመ ምልክት ከግድግዳው ጋር አብሮ ሊሰጥም ስለሚችል፣ ምልክቶቹ በአለት ላይ ቢተከሉ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ከዚህ ስሕተት ነጻ ነው። አንዲትን ትንሽ ካሬ ከራሷ ጠለል ጋር ብቻ የምናነጻጽር ከሆነ፣ መላው ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ውጤቱ አይለወጥም። በመሆኑም ተደጋጋሚ ቅኝት የሚያደርግበት በጀት የሌለው የጥናት ቡድን ሥራውን ከመጀመሪያው ጥያቄ ቢጀምር ይሻለዋል።

4. ባለ ሁለት ደረጃ ዘዴ

100 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግድግዳ በ2 ሚ.ሜ የነጥብ ርቀት ተቃኘ እንበል። በካሬ ሜትር 250,000 ነጥቦች፣ በጠቅላላው 50 ሚሊዮን ነጥቦች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ነጥብ 16 ባይት ቢይዝ መረጃው 800 ሜጋባይት ነው። የተለመደው አካሄድ ለእያንዳንዱ ነጥብ ጎረቤቶቹን ፈልጎ የገጹን አቅጣጫና ጉብጠት ማስላት ነው። በነጥብ 30 ጎረቤት ቢወሰድ 1.5 ቢሊዮን የጎረቤት ንባብ ይጠይቃል፤ ፍለጋው ራሱ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዚህ ሥራ አብዛኛው የሚባክነው ምንም ጉዳት በሌለው ገጽ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ። ነጥቦቹ በቅድሚያ ከግድግዳው ጋር ይስተካከላሉ፤ አንዱ አቅጣጫ በርዝመቱ፣ ሁለተኛው በቁመቱ፣ ሦስተኛው ከገጹ ወደ ውጭ ይሆናል። ከዚያም ግድግዳው በ5 ሴ.ሜ ካሬዎች ይከፈላል፤ 80,000 ካሬዎች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ካሬ ዐሥር ድምሮች ብቻ ይያዛሉ፦ የነጥቦቹ ብዛት፣ የሦስቱ አቅጣጫዎች ድምር፣ የሦስቱ ካሬዎች ድምር፣ የሦስቱ ጥንድ ብዜቶች ድምር። እነዚህ ዐሥር ቁጥሮች በካሬው ውስጥ የተሻለውን ጠለል ለማግኘትና ነጥቦቹ ከዚያ ጠለል ምን ያህል እንደሚዋዥቁ ለማስላት በቂ ናቸው። ነጥቦቹ አንድ ጊዜ ይነበባሉ፤ በማስታወሻ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ዐሥሩ ድምሮች በ8 ባይት ቢያዙ ለመላው ግድግዳ 6.4 ሜጋባይት ይበቃል።

የዘዴው ዋና ጥቅም ድምሮቹ ተደማሪ መሆናቸው ነው። አራት ጎረቤት ካሬዎችን በመደመር የ10 ሴ.ሜ ካሬ ይገኛል፤ መስኮቱን በ5 ሴ.ሜ እያንሸራተትን ብንሄድ ወደ 78,000 የሚደራረቡ ካሬዎችን እናገኛለን። በመደራረቡ ምክንያት በአንዱ ካሬ ጥግ ላይ የወደቀ ጉዳት በሌላው መሀል ይገኛል። 400 ካሬዎችን በመደመር ደግሞ የ1 ሜትር መስኮት ይሠራል። ነጥቦቹን ዳግመኛ መንካት አያስፈልግም።

የተለያየ ስፋት ያለው መስኮት ማስፈለጉ ለሐይቅ ዳር ሥራ መሠረታዊ ነው። በ10 ሴ.ሜ ካሬ መሀል ላይ 3 ሴ.ሜ በ3 ሴ.ሜ ስፋትና 10 ሚ.ሜ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቢኖር ከካሬው 9 በመቶ ይይዛል። በልይይቱ ላይ 8.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር መደበኛ ልይይቱ ከ2 ሚ.ሜ ወደ 3.5 ሚ.ሜ ከፍ ይላል፤ ይህ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን በውሃው ልክ ላይ 30 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቀበቶ ወጥ በሆነ መልኩ 10 ሚ.ሜ ቢሸረሸርስ? በቀበቶው ውስጥ ያለ የ10 ሴ.ሜ ካሬ ፍጹም ጠፍጣፋ ስለሆነ ጤናማ ይመስላል። የ1 ሜትር መስኮት ግን ያየዋል፤ ቀበቶው በመስኮቱ ግርጌ ቢሆንና ጠለሉ ወደዚያ ቢያጋድል እንኳ ልይይቱ በ7.8 ካሬ ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ መደበኛ ልይይቱም ወደ 3.4 ሚ.ሜ ይደርሳል። አንድ የመስኮት ስፋት ብቻ የሚጠቀም ዘዴ የሐይቁን ዋና ጉዳት ሳያይ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

የጥርጣሬው ወሰን ከውጭ መጥቶ መለጠፍ የለበትም። የሳንቃ አሻራ፣ የአፈሳሰስ ጉድለትና የልስን ሻካራነት ከግድግዳ ግድግዳ ይለያያሉ። ወሰኑ ከራሱ ከግድግዳው ይወሰዳል፦ የካሬዎቹን መዋዠቅ በቅደም ተከተል አስቀምጦ መካከለኛውን መውሰድ፣ ከዚህ መካከለኛ ያላቸውን ርቀት መካከለኛ ማስላት፣ ይህን ርቀት በ1.48 ካባዙ በኋላ ሦስት እጥፉን በመካከለኛው ላይ መደመር። አማካይና መደበኛ ልይይትን ብንጠቀም የተጎዱት ካሬዎች ራሳቸው ወሰኑን ከፍ ያደርጉትና ይሸሸጉበታል። መካከለኛው ግን ከካሬዎቹ ከግማሽ በላይ እስካልተጎዱ ድረስ አይናወጥም።

ሁለተኛው ደረጃ። ከገጹ 5 በመቶው ቢጠረጠር ለብርቱ ስሌት የሚቀርቡት 2.5 ሚሊዮን ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ የጎረቤት ንባቡም ከ1.5 ቢሊዮን ወደ 75 ሚሊዮን ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ጠለሉ ጤናማ በሆኑት ነጥቦች ላይ ብቻ ተመሥርቶ እንደገና ይሰላል። ለዚህ ፊሽለርና ቦልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት ራንሳክ የተባለው የናሙና ዘዴ ያገለግላል፤ ሦስት ነጥቦችን በዕጣ እየመረጠ ብዙ ደጋፊ ያለውን ጠለል ይይዛል። ከነጥቦቹ 70 በመቶው ጤናማ ከሆኑ በ99 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንድ ንጹሕ ናሙና ለማግኘት 11 ሙከራ ይበቃል፤ ግማሾቹ ብቻ ጤናማ ከሆኑ 35 ሙከራ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የጉዳቱ ጥልቀት፣ ስፋትና ይዘት ይለካል፤ ለጥገና ዋጋ ግምት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

5. በቁጥር አያያዝ የሚደርስ ጥፋት

ይህ ዘዴ በአንድ ቀላል ነገር ሊበላሽ ይችላል። በአገራችን በተለመደው የካርታ አወቃቀር በ37ኛው ቀጠና ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 780,000 ሜትር የሚል ቁጥር በ32 ቢት ሲያዝ የሚለየው ትንሹ ልዩነት 6 ሴ.ሜ ያህል ነው፤ ሚሊ ሜትር የለካው መሣሪያ ድካሙ በፋይል አያያዝ ብቻ ይጠፋል። በ64 ቢት ቢያዝም፣ ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ የሚቀረው ጥራት ከ100 ካሬ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ዐሥሩ ድምሮች ትርጉም ያጣሉ። መፍትሔው በግድግዳው ላይ ወይም በየካሬው መሀል አንድ መነሻ ነጥብ መርጦ ከመደመር በፊት ከሁሉም ላይ መቀነስ ነው። ገጹ ሁሉ የተጎዳ ወይም ሁሉም ጤናማ ሆኖ ከታየ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው።

6. የመስኩ ሁኔታ

ወደ ሐይቁ የሚያይ ግድግዳ ከየብስ በኩል አይታይም። በጀልባ ላይ የተቀመጠ ቋሚ ስካነር ደግሞ ጀልባው በሚወዛወዝበት ጊዜ ቅኝቱን ያጣምመዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከጀልባ የሚነሡ ተደራራቢ ፎቶግራፎች የተሻለ አማራጭ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፎቶ በቅጽበት ስለሚነሣ የጀልባው መወዛወዝ ያን ያህል አይጎዳውም። የምስል ነጥቡ ስፋት 2.4 ማይክሮ ሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 8.8 ሚ.ሜ የሆነ ካሜራ ከ5 ሜትር ርቀት አንዱን የምስል ነጥብ 1.4 ሚ.ሜ ያህል ያደርገዋል። ፎቶዎቹ ከ70 እስከ 80 በመቶ ቢደራረቡ፣ ርዝመቱ የታወቀ መለኪያ በግድግዳው ላይ ቢቀመጥ፣ የተወሰኑት ፎቶዎችም በሰያፍ ቢነሡ ይመከራል። ሁሉም ፎቶዎች በትይዩ ከተነሡ ረጅሙ ግድግዳ በስሌቱ ውስጥ እንደ ሳሕን ይጎብጣል። ይህ ጉብጠት የትናንሽ ካሬዎችን ውጤት ብዙ አይነካም፤ የሁለት ጊዜ ንጽጽርን ግን ያበላሸዋል።

ከየብስ በኩል በሚደረግ የሌዘር ቅኝት ላይም የስፍራው ጠባይ ይንጸባረቃል። ሰዎች፣ ጀልባዎችና አባ ኮዳዎች ቅኝቱ በሚካሄድበት ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱ የሙት ነጥቦችን ይተዋሉ፤ ከጠለሉ ከ10 ሴ.ሜ በላይ ወደ ውጭ የወጡትን ነጥቦች አስቀድሞ መጣል ብዙዎቹን ያስወግዳል። የሌዘር ጨረሩ በደረጃ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ስለሚመለስ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ሐሰተኛ ነጥቦች ይፈጠራሉ፤ ጠርዝን የያዙ ካሬዎች በዚህ ምክንያት ተለይተው መታየት አለባቸው። እርጥብ ገጽ ቅርብ ታሕተ ቀይ ጨረርን ስለሚውጥ ልኬቱ ይዋዥቃል፤ በመሆኑም ቅኝቱ በበጋ፣ ሐይቁ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ደርቆ ሳለ ቢደረግ ይመረጣል።

7. የውጤት ምዘና

ከ20,000 ካሬዎች ውስጥ 400ዎቹ በእርግጥ ተጎድተዋል እንበል። ዘዴው ከተጎዱት 95 በመቶውን፣ ከጤናማዎቹም 95 በመቶውን በትክክል ቢለይ 380 ጉዳት ይይዛል፣ 980 ጤናማ ካሬዎችን ግን በስሕተት ይከስሳል። ከተጠረጠሩት 1,360 ካሬዎች ውስጥ እውነተኞቹ 28 በመቶ ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል «ሁሉም ጤናማ ነው» የሚል ምንም የማይሠራ ዘዴ 98 በመቶ ትክክል ነው። እንግዲህ አጠቃላይ ትክክለኛነትን ብቻ የሚጠቅስ ሪፖርት አንባቢውን ያሳስታል፤ የተያዘው ጉዳት ድርሻና የጥርጣሬው እውነተኛነት ለየብቻ መቅረብ አለባቸው።

በአሠልጣኝ መረጃ የሚማሩ ዘዴዎችን ለሚጠቀሙ አጥኚዎች ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጎረቤት ካሬዎች አንድ ዓይነት የሳንቃ አሻራና አንድ ዓይነት ብርሃን ይጋራሉ። ካሬዎቹን በዕጣ ለመማሪያና ለመፈተኛ ብንከፍላቸው፣ መፈተኛው ቀድሞ የታየ ያህል ይሆናል። ክፍፍሉ በግድግዳው ርዝመት መሆን አለበት፤ ለምሳሌ 70 ሜትሩ ለመማሪያ፣ ቀሪው 30 ሜትር ለመፈተኛ።

8. ወሰኖችና መደምደሚያ

ዘዴው የማያያቸው ነገሮች አሉ። በአውሮፓው ደንብ ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የኮንክሪት ደንብ ለተለመደ የእርጥበት ሁኔታ የሚፈቅደው የስንጥቅ ስፋት 0.3 ሚ.ሜ ነው፤ በ2 ሚ.ሜ ርቀት የተቀመጡ ነጥቦች ይህን ሊያዩት አይችሉም። ለስንጥቅ ቅርብ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ከውሃ በታች ያለው ክፍል አይቃኝም። በውስጥ ተላቅቆ ገጹ ገና ያልተለወጠ ኮንክሪት በመዶሻ ተንኳክቶ በድምፁ እንጂ በቅርጹ አይታወቅም። የድንጋይ ግንብ ደግሞ በተፈጥሮው ያልጠፈጠፈ ስለሆነ ለዚህ ዘዴ አይመችም፤ በሐይቅ ዳር ሥራ ግንብና ኮንክሪት ጎን ለጎን ስለሚገኙ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ግን ጥቅሙ ተጨባጭ ነው። 200 ካሬ ሜትር ገጽ በእጅ እየነካኩ መመርመር አድካሚ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ 10 ካሬ ሜትር የሚሆኑ የተለዩ ቦታዎችን በመዶሻ መፈተሽ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቅኝቱ የመርማሪውን ፍርድ አይተካም፤ ዓይኑን ወዴት ማሳረፍ እንዳለበት ይጠቁመዋል። ለቀጣይ ጥናት ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ፦ በአሞራ ገደልና በሌሎች የሐይቁ ዳር ስፍራዎች የኮንክሪት ገጾችን ከግንብ ለይቶ መመዝገብ፣ በአለት ላይ ቋሚ የመነሻ ምልክቶችን መትከል፣ የተጠረጠሩትንም ያልተጠረጠሩትንም ካሬዎች በናሙና በመዶሻ ፈትሾ የዘዴውን ስሕተት መለካት። ሦስተኛው በተለይ አይዘለል፤ ያልተጠረጠረውን ያልፈተሸ ጥናት ያመለጠውን ጉዳት ሊያውቅ አይችልም።